በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ

የሺዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። አንቺን በቀበርን በስድስተኛው ሳምንት ቤዛን ዩኒቨርሲቲ ስላስገባኋት የእሷን ሴሚስተር በቆጠርኩ ቁጥር ያንቺም አብሮ ይቆጠራል። ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች። የመግቢያ ደብዳቤዋን አልጋሽ ላይ ሆነሽ ጮክ ብለሽ ያነበብሽላት ልጅ አሁን በቁመት በልጣኛለች።

ቤቱ እንደተውሽው ነው ብልሽ ውሸቴን ነው። ሊፍቱ እርግጥ አሁንም በሳምንት አንዴ ይቆማል፤ ሰባተኛ ፎቅ ድረስ በእግሬ ስወጣ አራተኛው ላይ ቆሜ ትንፋሼን እሰበስባለሁ፤ ከኋላዬ ሆኖ "ተሼ፣ ሸመገልክ እኮ" የሚለኝ ግን የለም። ቀሚሶችሽን እኅትሽ እትዬ አስካለ ከድልድዩ ማዶ አሌክሳንድሪያ ወስደው ለሚሆናቸው ሰው ሰጡ። ቁም ሳጥንሽ ውስጥ ቤዛ መጽሐፎቿን ደርድራለች። ሽሮዬ አሁንም ይጓጉላል። ጎረቤታችን ያቺ ሜክሲኮዋ ሴትዮ ስላንቺ ስትጠይቀኝ ቆይታ፣ መሞትሽን ነግሬያት እንደነበር የረሳችው መስሎኝ ደግሜ ነገርኳት፤ አልረሳችም ነበር፣ ስምሽን መጥራት ፈልጋ ነው።

እስከ ጥር ድረስ በየእሁዱ መቃብርሽ ዘንድ እየመጣሁ አወራሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀረሁ። ለምን እንደቀረሁ ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት፤ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልጀምረው። ዋሽቻለሁ የሺዬ፤ የዋሸሁትም በልጃችን ላይ ነው።

ሥራዬ ያው ነበር። አሌክሳንድሪያ፣ የቤዛ ዩኒቨርሲቲ፣ የአስተዳደሩ ሕንፃ ሎቢ፣ የሴኩሪቲ ዴስክ። አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ እዚያ ወንበር ላይ። የመስታወቱ በር የሚከፈተው ከዴስኩ ሥር ባለች አንዲት በተን መሆኑን ታውቂያለሽ፤ አንድ ቀን ምሳ ይዘሽልኝ መጥተሽ "ይቺን ለመጫን ነው ዩኒፎርም ያለበሱህ?" ብለሽ አሹፈሽብኛል። ባጄ ላይ የተጻፈው የአባቴ ስም ነው። ወልደየስ ሲከብዳቸው ሚስተር ዎልዲ አደረጉኝ። ተሾመ ብሎ የሚጠራኝ አንድም ሰው እዚያ አልነበረም። ሆስፒታል ስትተኚ ነርሷ የሦስታችንን ስም በወረቀት አይታ ቤተሰብ መሆናችንን አላምን ብላ የለ? ቤዛ ተሾመ፣ ተሾመ ወልደየስ፣ የሺመቤት ደምሴ። አንቺ በዚያ ሁሉ ሕመም መሃል ስቀሽ "አንድ ቤት የምንኖር ሦስት ቤተሰብ ነን" ብለሽ እንድነግራት አደረግሽኝ። እኔም ተርጉሜ ነገርኳት፤ ሴትዮዋ እውነት መስሏት ጻፈችው።

ያንን ነገር እኔ ቤዛ ላይ ተጠቀምኩበት። ትምህርት ስትጀምር ካምፓስ ውስጥ አታውቂኝም፣ እኔም አላውቅሽም አልኳት። የሴኩሪቲው ልጅ ብለው እንዳይንቁብኝ ብዬ ነው። ተቆጣች። "ዳዲ፣ አይ አም ኖት አሼምድ ኦፍ ዩ" አለችኝ፤ አላፍርብህም ማለቷ ነው። እኔ ድርቅ አልኩ። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ በፊቴ ስታልፍ ካርዷን ታሳየኛለች፣ እኔም "ታንክ ዩ" እላታለሁ። አንቺ ብትኖሪ ይህን ሞኝነት አንድ ሳምንት አታሳድሪውም ነበር።

ቤዛና ጓደኞቿ የተነሡበት ነገር እንዲህ ነው። ካምፓሱ ኮረብታ ላይ ነው። ከላይ አዳዲሶቹ ዶርሞች አሉ፣ መስታወት በመስታወት። ከታች፣ ከፓርኪንጉ ጀርባ፣ ባቡሩ ሲያልፍ የሚንቀጠቀጥ አሮጌ የጡብ ቤት አለ፤ ተማሪዎቹ ታችኛው ቤት ይሉታል። የቤዛ ስኮላርሺፕ የሚሸፍነው እሱን ብቻ ነው። ጥቁር እዚህ፣ ነጭ እዚያ ብሎ የጻፈ ሰው የለም። ግን ጠዋት ከዴስኬ ሆኜ ሽቅብ የሚመጡትን ልጆች ሳይ የእኛ ልጆች ናቸው፣ ጥቁሮቹ፣ የሳልቫዶሮቹ ልጆች፤ ከላይ የሚወርዱት ደግሞ ሌሎቹ ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ይህን ሳይ ዓይኔ ለምዶት ዝም ብዬ "ጉድ ሞርኒንግ" እል ነበር። ቤዛ ናት ያየሁትን እንዳየው ያደረገችኝ።

አብራት የምታድረው ጃስሚን እዚያው አሌክሳንድሪያ ተወልዳ ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። አያቷ በወጣትነታቸው ያንን የኔን ሎቢ ይወለውሉ ነበር። በዚያ ዘመን ጥቁር በዚያ በር የሚገባው ባልዲ ይዞ ነው እንጂ ደብተር ይዞ አይደለም። ኋላ ላይ ጥቁሮችም ይማሩ ሲባል፣ ከነጮቹ ጋር እንዳያድሩ ተብሎ ታችኛው ቤት ተሠራላቸው። ሕጉ ቀርቷል፣ ቤቱ ግን አለ፤ የሚያድርበትም ያው ነው። ልጆቹ ይህንን ሦስት ጊዜ በአቤቱታ ጽፈው አስገቡ፤ ሦስት ጊዜም ጉዳዩ እየታየ ነው ተባሉ። በገና ሰሞን ማሞቂያው ቆሞ አንድ ሳምንት ካፖርታቸውን ለብሰው አደሩ። ቤዛ ስትነግረኝ አዝኜ፣ ምን ብላት ጥሩ ነው? አንቺ ዝም ብለሽ ተማሪ፣ ጣጣ አትፈልጊ አልኳት።

ይህን ሰምተሽ እንደማትደነቂ አውቃለሁ። እኛም ካምፓስ ሳለን ማንም ሳያዘን ካፌው በየብሔሩ ተከፋፍሎ ነበር የሚበላው። አንቺ ትሪሽን አንሥተሽ እኛ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጥሽ ቀን ማንኪያው ሁሉ ጸጥ አለ። አጠገብሽ የነበርኩት እኔ ቀና ብዬ አላየሁሽም፤ አቀርቅሬ ምስሬን ጨረስኩ። ከተጋባን በኋላ ይህን እያነሳሽ ስንት ዓመት ሳቅሽብኝ። ፈሪ መሆኔን አውቀሽ ነው ያገባሽኝ፤ እኔም እያወቅሽ በማግባትሽ ስመካ ኖርኩ።

በጥር መጨረሻ አንድ ሐሙስ ጠዋት አለቃዬ መጥቶ፣ ዛሬ ተማሪዎች ሊሰበሰቡ ስለሚችሉ ካርድ ካለው ሠራተኛ በቀር ለማንም እንዳትከፍት አለኝ። እሺ አልኩ። ዝናቡ ከበረዶ ጋር ተቀላቅሎ ይወርዳል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ዘጠኝ ልጆች በሩ ላይ ቆሙ። ቤዛ ከፊት ናት። ኮፍያ እንኳ አላደረገችም፣ ውኃው ከፀጉሯ በፊቷ ላይ ይወርዳል። አልለመነችኝም፤ በሩንም አልነካችውም። በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። እጄ ከዴስኩ ሥር ገብቶ በተኗን ተጫነ። አስቤ ያደረግኩት ነው ብዬ ጀግና መስዬ አልታይሽም። ልጅሽ በር ላይ ዝናብ ሲመታት ሌላ ምን ታደርጊያለሽ?

ገብተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እስከ ማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ አልተነሡም። ጮክ ብለው የተናገሩት ነገር ቢኖር የታችኛውን ቤት ታሪክ በየተራ ማንበብ ነው። ቤዛ ከኔ አሥር እርምጃ ርቃ ተቀምጣ አንድም ጊዜ ወደ ዴስኩ አልዞረችም። እኔ ያስተማርኳትን ነው የሠራችው። እዚያው እያለች ቁርስ እንኳ በላሽ ወይ ብዬ መጠየቅ አልቻልኩም።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት አለቃዬ ወደ ጓዳ ጠርቶ "ሚስተር ዎልዲ፣ እንዴት ገቡ?" አለኝ። ፊቱ ቀልቷል። ሥራው፣ ኢንሹራንሱ፣ የቤዛ የአስም መድኃኒት፣ ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። "ዴይ ፑሽድ" አልኩት። ገፍተው ገቡ ማለቴ ነው። ወረቀት ሰጠኝ፤ አንድ ሠራተኛ ካርዱን አሳይቶ ሲገባ ተማሪዎቹ እኔን ገፍትረው ተከትለውት ገቡ ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ካሜራው ያን ሰሞን ተበላሽቶ እንደነበር አውቅ ነበር። ሁለት መስመር ናት የሺዬ። ለራሴ ያልኩት፣ ማንም የተለየ ልጅ አልተጠቀሰም፣ ቢበዛ ተቆጥተው ይተዉአቸዋል ነው።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ አለቃዬ ወረቀት ይዞ ዴስኬ ላይ ተደገፈ። ዘጠኙ ልጆች በኃይል በመግባትና ሠራተኛ በመገፍተር ተከሰው ሂሪንግ፣ የትምህርት ቤቱ ችሎት ፊት፣ ሊቀርቡ ነው፣ ከተፈረደባቸው ከትምህርት ቤቱ ይባረራሉ፣ ምስክሩም አንተ ነህ አለኝ። ስማቸውን ያነብልኝ ጀመር። አራተኛው ላይ ሲደርስ "ቢዛ ተሾሚ" አለ። አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ሕንፃ ውስጥ ስሜ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከተከሳሾች ዝርዝር ላይ ነው። ቀና ብሎ "ታውቃታለህ?" አላለኝም። ለምን ይጠይቀኛል? እሱ ተሾሚ፣ እኔ ዎልዲ።

ስልክ ብደውልላት አላነሳ አለች። እሁድ ራሷ መጣች። የተጓጎለውን ሽሮዬን ሳታማርር ስትበላ ነው ነገር እንዳለ ያወቅኩት። ለምን በሩን ሴኩሪቲው ነው የከፈተልን ብላችሁ አትናገሩም አልኳት። "ዊ ቮትድ፣ ዳዲ" አለችኝ። ዘጠኙም ተሰብስበው እጅ አውጥተዋል፤ ማንም እንዳይናገር ተስማምተዋል። አሳቡን ያመጣችው እሷ መስላኝ ነበር፤ ጃስሚን ናት። አባቴ ነው ብላ የነገረቻት ለእሷ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ እኔ የቤዛ አባት መሆኔን እንኳ አያውቁም። ጃስሚን "ሰውየው በሩን ከፈተልን፣ እኛ ደግሞ ሥራውን አናሳጣውም፤ አያቴ በዚያ ሎቢ ሥራ ማጣት ምን እንደሆነ ነግራኛለች" አለቻቸው። ስምንት የሰው ልጆች፣ የየእናታቸው ተስፋ፣ ለማያውቁት ዘበኛ ብለው ሊባረሩ ነው። እኔ ደግሞ የማውቃትን ልጄን ገፈተረችኝ ብዬ ፈርሜያለሁ። ቤዛ ወረቀቱን መፈረሜን ከክሱ ደብዳቤ አይታ ታውቃለች። ሳህኑን አጥባ፣ ግንባሬን ስማ በሜትሮ ተመለሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ አስካለ ዘንድ ሄጄ አማከርኳቸው። "ዝም በል" አሉኝ። "ልጅቷ እዚሁ የተወለደች ናት፣ ሌላ ኮሌጅ ትገባለች። አንተን በዚህ ዕድሜህ ማን ይቀጥርሃል? ዋሽቻለሁ ብለህ ከተባረርክማ ማንም ሴኩሪቲ አያደርግህም።" እሳቸው ክፉ ሆነው አይደለም፤ እንዳልወድቅ ነው። ግን ደረጃቸውን ስወርድ ነገሩን አሰላሁት። ብናገር ሥራዬ ይሄዳል፣ ከሥራዬም ጋር ለአስሟ የምትወስደው መድኃኒት። ዝም ብል ልጄ ትሄዳለች፣ ስምንት የሰው ልጆችም አብረዋት። ታመምኩ ብዬ ብቀር ደግሞ ወረቀቱ ያለኔ ይናገራል፤ ፊርማዬ አለበትና።

አሥራ ሁለት ቀን እንዲሁ ሆንኩ። ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቼ ቤልትዌዩ ላይ መኪናው ሁሉ ሲቆም ወደፊትም ወደኋላም የማይባልበት ቦታ አለ አይደል፣ ድልድዩ ጋ ሳይደረስ? እዚያ ቆሜ የምናገረውን በእንግሊዝኛ እለማመዳለሁ። ድልድዩን ስሻገር እተወዋለሁ። ዴስኬ ላይ ስቀመጥ በተኗን ለማየት እንኳ እፈራ ነበር። በፊቴ የሚያልፈውን ተማሪ ሁሉ "ታንክ ዩ" ስል ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኛል። እሁድ ሲመጣ ደግሞ አንቺ ጋ መምጣት አለ። መኪናውን አስነሥቼ፣ መልሼ አጥፍቼ ወደ ላይ እወጣለሁ። ፎቶሽን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አንሥቼ መሳቢያ ከተትኩት። አቧራ እንዳይነካው ነው አልኩ ለራሴ፤ ለማን ነው የምዋሸው?

ሂሪንጉ እዚያው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ተረኛ ስለነበርኩ በዩኒፎርሜ ወጣሁ። አምስት ሰዎች ከጠረጴዛው ወዲያ፣ ዘጠኙ ልጆች በግድግዳው በኩል። ቤዛ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ፀጉሯን ወደኋላ አስራዋለች፤ አንቺን ቁጭ። የመሃሏ ሴትዮ ወረቀቴን አነበበችና "ይህ የአንተ ቃል ነው?" አለችኝ። ቤልትዌዩ ላይ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። ፊርማው የኔ ነው፣ ቃሉ ግን ውሸት ነው አልኩ። "አይ ኦፕንድ ዘ ዶር። ኖ ባዲ ፑሽድ ሚ።" በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አልገፋኝም ማለቴ ነው። ለምን ከፈትክ አለችኝ። "ሺ ኢዝ ማይ ዶተር"፣ ልጄ ናት ብዬ ቤዛን አሳየኋት። ሴትዮዋ ዝርዝሩን አየች፣ ባጄን አየች፣ ስሙ አልገጥም አላት። በእኛ ልጅ የምትጠራው በአባቷ በራሱ ስም ነው፣ ተሾመ የምትሉት እኔ ነኝ አልኳት።  ቤዛ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሰባቱ ልጆች አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያዩ ግራ ተጋቡ፤ ጃስሚን ብቻ ዓይኗን ከኔ አላነሳችም።

ባጄን ያን ዕለት ተቀበሉኝ። አለቃዬ እስከ ፓርኪንግ ድረስ አብሮኝ ወረደ፤ ሎቢው ላይ በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው። "ዩ ሹድ ሃቭ ቶልድ ሚ" አለኝ፣ ልትነግረኝ ይገባ ነበር ማለቱ ነው፤ እውነቱን ነው። ልጆቹ በኃይል ገቡ የሚለው ክስ ተሰረዘላቸው። ግን ምሕረት እንዳይመስልሽ፤ እስኪመረቁ ድረስ በማስጠንቀቂያ ናቸው፣ አንዴ ደግመው ቢቀመጡ ያለ ሂሪንግ ይባረራሉ። ታችኛው ቤት እንዳለ አለ። የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቁሟል።

ቤዛ ያን ቀን በመኪናዬ አብራኝ መጣች። ድልድዩን ስንሻገር፣ ኮራሁብህ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ዋይ ዲድ ዩ ሳይን ኢት?" አለችኝ። ለምን ፈረምክ ነው። ፈርቼ አልኳት። መልሳ አልጠየቀችኝም። ይቅር ያለችኝ ይመስለኛል፤ ደፍሬ ግን አልጠየቅኳትም።

አሁን ሮክቪል፣ አንድ የአገራችን ልጅ ባስገባኝ የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነኝ፣ ከመሬት በታች ሁለተኛ ፎቅ። ፀሐይ የማየው ምሳ ሰዓት ነው። ኢንሹራንሱ ከሦስት ወር በኋላ ነው የሚጀምረው፤ እስከዚያ ቤዛ ኢንሄለሯን እየቆጠበች ትወስዳለች፣ ባትነግረኝም አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት መጥታ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ልጆቹ በሚያዝያ እንደገና ሊቀመጡ ነው፤ እሷም አለችበት። ተይ ልላት አፌን ከፈትኩ። በምን አፌ? ተይ ያልኳትን ጊዜ ሁሉ አስታወስኩ። ተይ አላልኳትም። እኔ ከእንግዲህ እዚያ ዴስክ ላይ የለሁም የሺዬ፤ ዝናብ ቢመታት በሩን ማን እንደሚከፍትላት አላውቅም። ማታ ማታ የማስበው እሱን ነው።

ፎቶሽን ትላንት ከመሳቢያው አውጥቼ ቦታው መለስኩት። እሁድ እመጣለሁ፣ ቤዛንም ይዣት እመጣለሁ። አልረሳሽም ብዬ መጻፍ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ረስቼሻለሁ፣ ሁለት ወር ሙሉ ሆን ብዬ ረስቼሻለሁ፣ ምክንያቱም ሳስታውስሽ ታይኛለሽ። ደህና በዋልኩበት ቀንማ ሁልጊዜም አስታውስሻለሁ፣ እሱ አይከብድም። አሁን ቃል የምገባልሽ ሌላውን ነው፦ ባፈርኩበት ቀንም አስታውስሻለሁ፤ ያን ቀን ፎቶሽን ከቦታው አላነሳም።

ባልሽ፣
ተሾመ